በሰው ቤት የወፈረው ልጄ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከዚያ ከክፉው ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ የምኖረው ላስታ፣ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው ወገን፣ ደጋው ላይ ነበር። አሁን ያለሁት ሩቅ አገር፣ ወለጋ ነው። ሰዎች «ከላስታ ምን አስወጣሽ?» ይሉኛል። ጦርነቱ ወይም ድርቁ ይመስላቸዋል። እኔም «እንጀራ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ከአገሬ ያስወጣኝ ግን የልጄ አንጀትና የእኔ ቅናት ነው። ልጄ ሰሞኑን ለበዓል መጥቶ ገበታ ላይ አንድ ነገር ስለተናገረ፣ ያ ሁሉ እንደ አዲስ መጣብኝ።

ከአስረስ በፊት የወለድኳቸውን ቀብሬአለሁ። እሱን ስወልድ ስሙን አስረስ ያልኩት ኀዘኔን ያስረሳኝ ብዬ ነው። ጡት እስኪጥል ድረስ ደንዳና ልጅ ነበር። እህል ከለመደ በኋላ ግን ልጄ ሌላ ሆነ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ክንዱና እግሩ እንደ ጭራሮ ቀጠነ። ተቅማጡ ነጣ ያለ፣ ቅባት ያለው፣ ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ ማንሣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እንደኔ የጨነቃት እናት ታነበው ይሆናል ብዬ ነው።

ወስፋት ነው ተባለ፤ መድኃኒት ጠጣ። አሜባ ነው ተባለ፤ ከላሊበላ ኪኒን መጣ። ጸበል አጠመቅሁት፤ ተሳልኩለት። ፈቀቅ የሚል ነገር የለም።

በእኛ አገር ለታመመ ሰው የሚሰጠው የታወቀ ነው። ገብስ ነው። ገብስ የእህል ንጉሥ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከሱ ሌላ እምብዛም አይበቅልም። ስለዚህ ልጄ በከሳ ቁጥር ነጩን ገብስ መርጬ፣ ፈትጌ፣ ቆልቼ፣ ፈጭቼ በሶ አደረግሁለት። አጥሚት አፈላሁለት። ለእኛ ቅይጥ ሲጋገር ለሱ ንጹሑን ለብቻው ጋገርኩለት። እሱ ግን ባሰበት።

ባለቤቴ ሞላ ከእርሻው ሌላ ትንሽ ንግድ ነበረችው። ማርና የበግ ፀጉር በአህያ ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ጨውና በርበሬ ይዞ ይመለሳል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው መንገድ ዳር የሚያርፍበት የሙስሊም ቤት ነበረው። ወዳጅነቱ ከአባቶቻቸው የወረደ ነው። የእነሱ ሰው ወደ እኛ ሲወጣ እኛ ቤት ያርፋል፤ የእኛ ሲወርድ እነሱ ዘንድ። የቤቱን እመቤት፣ ዘሐራን፣ በስም እንጂ በመልክ አላውቃትም ነበር።

በአንዱ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሞላ ልጁን በአህያ አድርጎ ወልድያ ሐኪም ቤት ለማሳየት ይዞት ወረደ። ሲመለስ ብቻውን ነበር።

«ልጄስ?» አልኩት።

«አለ። ሐኪሙ ያንኑ ኪኒን ሰጥቶ መለሰን፤ ልጁን ዘሐራ ዘንድ ተውኩት። ይህን ዳገት አይችለውም፤ ዝናቡም ይጨርሰዋል።»

«ለእስላም ቤት ሰጥተኸው መጣህ?»

«ለሰው ቤት ነው የሰጠሁት» አለኝ።

ወዲያው ዝናቡ ጠነከረ፤ ከታች ውጊያ አለ ተብሎ መንገዱም ተዘጋ። ክረምቱን ሙሉ ልጄን አላየሁትም። ጾሜን እየጾምኩ፣ ስግደቴን እየሰገድኩ ጠበቅሁ። አልፎ አልፎ ሾልኮ የሚመጣ ነጋዴ ወሬ ያመጣልኛል። «አብሽሪ፣ ልጅሽ ደህና ነው» ይለኛል አንዱ። «ሆዱ ጎደለ፤ መሮጥ ጀመረ» ይለኛል ሌላው። «ኧረ ጉንጭ አወጣ! ብታይው አታውቂውም» አለኝ ሦስተኛው። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን እንግዳው ሲወጣ «አታውቂውም» ያላት ቃል አብራው አልወጣችም፤ እኔ ዘንድ ቀረች። እንዴት ነው የገዛ ልጄን የማላውቀው? እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ለፍቼ ያላወጣሁትን ጉንጭ እሷ በአንድ ክረምት በምን አወጣችው?

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲከፈት ራሴ ወረድኩ።

አስረስ ከዘሐራ ልጆች ጋር አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጥንቅሽ ይመጥጣል። የማሽላ አገዳ ነው፤ ጣፋጭ። ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል። እውነትም አላወቅሁትም። ወፍሯል፤ ፊቱ በርቷል፤ ፀጉሩ ጠቁሯል። «አስረስ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አየኝ፣ ተነሣ፣ ሮጠ። የሮጠው ግን ወደ ቤት ነው። «እማ! ሰው መጣ!» እያለ።

እማ የተባለችው ሴት ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። ረዘም ያለች፣ ሳቂታ፣ ጥርሰ ፍንጭት ናት። ገና ስሜን ሳልነግራት አወቀችኝ።

«ማሻአላህ! መልኩን ከማን እንዳመጣው አሁን አወቅሁ! ግቢ እታለም፣ ግቢ። አንተ ልጅ፣ ናና እናትህን ሳም!»

እሱ ከቀሚሷ ጀርባ ተሸሸገ።

ቤቷ ሙሉ ልጅ ነው። አንዱ ይድሃል፣ አንዱ ይሮጣል፣ ትልቋ ለመዳር ደርሳለች። ለእሷ አንድ ልጅ ቢጨመር ቢቀነስ ምኗ ነው? እኔ ያለችኝ አንዲት ዓይን ናት፤ እሷን ነው የወሰደችብኝ እያልኩ ውስጤ ነደደ።

ስቀመጥ መጀመሪያ ያየሁት አንገቱን ነው። ማተቡ አዲስ ነው። እኔ ያሰርኩለት አይደለም።

«ይህን ማን አሰረለት?»

«ያሰርሽለት አርጅቶ ተበጠሰ» አለች ዘሐራ። «ክሩን እኔ ፈተልኩት። ለማሰሩ ግን እኔ ምን አግብቶኝ፣ ማዶ ያሉት ቄስ ዘንድ ወስጄ አሳሰርኩለት።»

ሥጋውንስ ልላት ስል ቀደመችኝ። «ሥጋ በአፉ አልዞረም፤ አደራ ነው። ዶሮ ስናርድ እንኳ ልጆቹ ሲያስጎመጁት ማዶ ክርስቲያኖቹ ቤት እልከዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ ግን ወተት እያለ አለቀሰብኝ፤ ሕፃን ነው ብዬ ሰጠሁት። ይህ በደል ከሆነ በእኔ ይሁን።»

ጥፋት ፈልጌ መጥቼ ጥፋት አጣሁባት። ይህም ራሱ አናደደኝ። ብታጠፋ ኖሮ ልጄን ይዤ ቀና ብዬ እወጣ ነበር።

ይዤው ወጣሁ። አህያው ላይ ሆኖ ወደ ኋላው እያየ «እማ! እማ!» እያለ ሲያለቅስ፣ እማው እኔ አጠገቡ ነበርኩ። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ «ምነው የሰው ልጅ ይዘሽ የምትሄጂ መሰልሽ?» ብሎ ይቀልድብኛል።

ቤት ስንገባ ያለኝን ሁሉ አቀረብኩለት። ከዘሐራ ማነስ አልፈለግሁም። አዲስ በሶ በማር ለወስኩለት። ቀስ በቀስ ለመደኝ፤ «እማ» አለኝ፤ ደስታዬ ግን አንድ ወር እንኳ አልቆየም። ሆዱ ተነፋ። ያ ነጭ ተቅማጥ ተመለሰ። ጉንጩ ሟሸሸ። ሲያለቅስ ድምፁ የድመት ግልገል ሆነ።

ጎረቤቶቼ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገሩም። «ናፍቆት ነው» አሉ። «ያችን ሴትዮ ናፍቆ ነው። እዚያ ሲሆን ይድናል፣ እዚህ ሲሆን ይታመማል፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አንዷማ «ወዳጅ ያደረገችው በጤናው ነው ብለሽ ነው? አንድ ነገር አቅምሳዋለች» አለችኝ። መድኃኒት ማድረጓ ነው። ይህን መስማት ይቀለኝ ነበር። ልጄ በመድኃኒት ቢወዳት ይሻለኛል፤ ከልቡ ከሚወዳት።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «አባ፣ ልጄ በሌላ ሴት ናፍቆት ሊሞትብኝ ነው። ምን ላድርግ?»

አባ ልጁን አዩት። «ልጄ፣ ሌላ መቃብር ማስቆፈር ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ ይፍቱኝ አባቴ!»

«እንግዲያ ውሰጂላት። እሷ ዘንድ የሚድን ከሆነ እሷ ዘንድ ይዳን። እናትነትሽን የሚወስድብሽ የለም።»

ለእሳቸው ማለት ቀላል ነው። ልጄን በእጄ ተሸክሜ፣ ልጄ ከእኔ ይልቅ ለወደዳት ሴት ላስረክብ ነው። ያን ዳገት ወርጄው አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን የወጣሁት እንጂ የወረድኩት አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ግን ወሰንኩ። ትቼው አልመለስም። አብሬው እቀመጣለሁ። ከእጄም ይበላል። አንድ ስልቻ ሙሉ ምርጥ በሶ ፈጭቼ፣ ማር ጨምሬ ይዤ ወረድኩ።

ዘሐራ ልጁን ስታየው ፊቷን በመዳፏ መታች። «ወላሂ፣ ይህ ልጅ ነው ያ ልጅ? ምን አገኘው?»

«አንቺን ናፍቆ ነው ይላሉ» አልኳት። መራራ ሆኖ ወጣ።

እሷ ግን ከንፈሯን መጠጠች። «እኔን? እኔ ምኔ ይናፈቃል እታለም!»

አብረን ተቀመጥን። ለማረፊያዬ መደቡን ለቀቀችልኝ፤ የራሴ የምበላበት ዕቃ ከክርስቲያን ጎረቤት ተዋሰችልኝ። እሷ የማሽላ ገንፎ ይዛ ስትመጣ አስረስ አፉን ይከፍታል። ያቺን አፍ ሳይ ዓይኔን አዞር ነበር። ስለዚህ ጠዋት እሷ ላሟን ስታልብ ቀድሜ በሶዬን በማር እለውሳለሁ። ማሩን ስለሚወድ ከእኔም ይበላል። ዘሐራ አልከፋትም። «ብላ የኔ ጌታ፣ የእናት እጅ ነው» ትለዋለች። ማታም ለመኝታው በሶ በጥብጬ አጠጣዋለሁ። በሶዬ እስኪያልቅ ድረስ ልጄ የኔ ነው።

ልጄ ግን አልዳነም። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው ገባ፤ ይብስበት ጀመር።

አንድ ጠዋት ዘሐራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መሐል ቤት ቆመች። «ስሚኝ የአስረስ እናት። እኔን ናፍቆ ነው አላችሁ። ይኸው እኔ! እፊቱ ተገትሬአለሁ፣ አቅፌው እውላለሁ። እንግዲህ ማንን ናፍቆ ነው የሚሞተው? ይልቅ ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

እንደ ክርስቲያን ልናገር፤ የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ ነበር። የእሷም ቤት አላዳነውም! የእሷም እጅ እንደኔው ነው! ልጄ እያቃተተ እኔ ይህን አሰብኩ። ቅናት እንዲህ ነው። ቀጥሎ ግን ብርድ ወረረኝ፤ የሷ እጅ ካላዳነው ማን ያድነዋል?

በጭነት መኪና ወልድያ ሄድን። እግሩ እሷ ጭን ላይ፣ ራሱ እኔ ጭን ላይ፣ ልጁን ለሁለት ይዘነዋል። እኔ ከበግ ፀጉር የተሠራውን ባናዬን ደርቤ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዱን ዳሰሰ፣ የዓይኑን ቆብ ገለጠ፣ የታፋውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀ።

«ምን ይበላል?»

«እኔ ቤት...» አለች ዘሐራ።

«እናቱ እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «እሺ፣ እናቱ ይቅደሙ።»

«ያላበላሁት የለም ዶክተር። የገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ አጥሚት፣ ቆሎ...»

«እርስዎስ ቤት?»

«የኛ አገር ምን አለው፣ ማሽላ ነው» አለች ዘሐራ። «የማሽላ እንጀራ፣ የማሽላ ገንፎ፣ ሽሮ፣ ወተት።»

«ስንዴ? ገብስ?»

«ገብስማ የደጋ ሰው እህል አይደል? ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? እሷ በስልቻ ይዛው እስክትመጣ ድረስ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

ሐኪሙ መጻፉን ተወ። ልጁ የት በነበረ ጊዜ እንደወፈረ፣ የት እንደታመመ፣ በሶው መቼ እንደመጣ አንድ በአንድ ጠየቀን። ስንመልስ ዘሐራም እኔም ድምፃችን እየቀነሰ መጣ።

«ናፍቆት ነው ብለውኝ ነበር» አልኩት በመጨረሻ።

«ናፍቆት ሰገራ አያነጣም እናቴ» አለ።

ከዚያ የባናዬን ጫፍ ያዘ። «የአንጀት ውስጡ እንደዚህ ነው። ጥቃቅን ፀጉር አለው፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባው በዚያ ነው። ከፀጉሩ ሥር ደግሞ ጥብቅ አድርጎ የተሠራ ገጽ አለ። ሥራው ሁለት ነው። የሚጠቅመውን ያስገባል፤ የማይጠቅመውን ይከለክላል። እንደ በረኛ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ግን አለ፣ ገብስና ስንዴ ውስጥ ያለ አንድ ነገር የማይስማማው። ያን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ በአንጀቱ ላይ ይነሣበታል። ፀጉሩ ይረግፋል። ጥብቁ ይላላል። ያኔ መግባት ያለበት ሳይገባ ያልፋል፤ መግባት የሌለበት ሾልኮ ይገባል።»

እኔ ፀጉር ፈትዬ ያደግሁ ሴት ነኝ። ባና አርጅቶ ሲላጥ፣ ክሩ ሲሳሳ፣ ብርዱ እንዴት እንደሚያልፍ ከሱ ይልቅ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ሌላ መናገር አላስፈለገውም። ልጄ ሆድ ውስጥ የተላጠ ባና ታየኝ።

«ይህ በሽታ በአገራችን እምብዛም አይታይም» አለ። «እርግጡን ለማወቅ ከአንጀቱ ቅንጣት ወስዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ያ እዚህ የለም። ግን ምግቡ ራሱ መስክሯል። ገብስና ስንዴ አይቅመስ። ደግሞ አንጀት እንደ ባና አይደለም፤ ጠላቱን ካራቃችሁለት ራሱን መልሶ ይሠራል።»

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ፣ ልጄ እሷን ናፍቆ አልታመመም የሚለው ነው። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምን እንደሰማሁ ገባኝ። ያ ሁሉ የመረጥኩት ነጭ ገብስ፣ ያ ሁሉ አጥሚት! አለቀስኩ።

ዘሐራ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አብሽሪ፣ አብሽሪ። እኔስ ምን አውቄ? አገሬ ገብስ ቢያበቅል ኖሮ እኔም በገብስ እገድለው ነበር።»

ይህን ያለችው እኔን ለማጽናናት ነው። እውነትም ነው። ቢሆንም በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ማጽናናቱም ሲያምርባት ቀናሁባት።

የተረፈውን በሶ እኔና የዘሐራ ልጆች ጨረስነው። አስረስ ማሽላውን በላ። ከዓይኔ ሥር ሆኖ ዳነ፤ ጉንጩ ሲመለስ አየሁት። ይዤው አገሬ ስገባ በአህያው ላይ የዘሐራ ማሽላ ተጭኖ ነበር። እሱ ሲያልቅ ሌላ ትልካለች። እንጀራውን ጋግሬ ሳቀርብለት «ይህ የእማ ዘሐራ ነው» ይለኛል። ቤቱ የኔ፣ ምድጃው የኔ፣ እህሉ የሷ።

በእኛ አገር ግን ልጅን ከገብስ መጠበቅ አይቻልም። የገባበት ቤት ሁሉ ቆሎ ይዘግንለታል፤ በየዝክሩ ዳቦ ይቆርሱለታል። «አይስማማውም» ስል «ገብስ ያልተስማማው ምን ሊስማማው ነው!» ብለው ይስቁብኛል። ሰው በደግነቱ ልጄን ደጋግሞ አሳመመብኝ። ስለ ቅዱስ ቁርባኑም፣ እሱም ስንዴ ነውና፣ ነፍስ አባቴን አማከርኩ፤ ያሉኝ በእኔና በሳቸው መካከል ይቅር።

በመጨረሻ ሞላ «እንግዲህ ዘሐራ ሰፈር እንውረድ። ቦታ ይሰጡናል፤ እህሉም እዚያው ነው» አለኝ።

«ጤፍ የሚበቅልበት አገር ሞልቷል» አልኩት።

ገባው። ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ወለጋ በአንድ የመንግሥት እርሻ ዘበኝነት ያገኘ ዘመድ ነበረው፤ ወደዚያ መጣን። ስናልፍ ዘሐራ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። አስረስን አቅፋ ሳመችው፤ ለእኔ በጨርቅ የቋጠረችውን የማሽላ ዘር ሰጠችኝ። «ዝሪው። ልጁ ይወደዋል» አለችኝ። ለምን እሷ አገር እንዳልቀረሁ አልጠየቀችኝም። የምታውቅ ይመስለኛል።

ዘራሁት። እስከ ዛሬ በጓሮዬ ከዓመት ዓመት አይታጣም።

አስረስ አሁን የልጆች አባት ነው። በዚህ በዓል ሲመጣ ከጤፉ ሌላ ከጓሮዬ ማሽላ ጋግሬ አቀረብኩለት። ጎረሰ፣ አጣጣመ፣ «እማ፣ እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ቀጥሎ፣ ለሚስቱ ነው የሚነግራት፣ «የእማ ዘሐራን ማሽላ ግን ብትቀምሺው!» አለ።

ዘሐራ ካረፈች ቆይታለች። ክርስትና ስም የላትም፤ እኔም በጸሎቴ እንዲሁ ዘሐራ ብዬ እጠራታለሁ። እግዚአብሔር ማንን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ጸሎቴን ስጨርስ ደግሞ ተመልሼ እቀናባታለሁ።

ልጄ ያን ባለ ዕለት እሳቱን ለማየት መስዬ ከገበታው ተነሣሁ። ሆዴን ቆረጠኝ። ዞር ብዬ ሳይ ልጄ ሁለተኛውን እንጀራ ጀምሯል። የሱ ሆድ ደህና ነው። ተመስገን።